የእመ ደብር ዓይኖች

ውሃን ከውሃ የለየ፣ ለባሕር ዳርቻን ለወንዝም መውረጃን የወሰነ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህ ነገር የሆነው በናርዳማ መንግሥት፣ ንጉሥ ኤልሞዳር በነገሠ በሠላሳኛው ዓመት፣ ዝናብ ከቆመ አምስት ወር በሞላው በዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። በዚያ ቀን ከደረቅ ድንጋይ ውስጥ እንቁራሪቶች ጮኹ።

የናርዳማ መዲና በተራራ ወገብ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከበላይ ቤተ መንግሥቱና ቤተ መቅደሱ አሉ፤ ከበታች ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ገበሬው የሚኖሩበት ታችኛው ሰፈር አለ። በሁለቱ መካከል፣ ተራራው ተንሸራትቶ እንዳይወርድ አፈሩን በጀርባዋ ደግፋ የቆመች ታላቅ ግንብ ነበረች። ቁመቷ የሰባት ሰው ያህል ነው። ስሟንም እመ ደብር ይሏታል፤ የተራራው እናት ማለት ነው። ከተማይቱን የቆረቆረው ንጉሥ ግንቧን ሲያሠራ በሰባት ረድፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተወላት፤ ከግርጌዋም ታላቁ አፍ የተባለ አንድ ሰፊ መውጫ አበጀላት። በክረምት በተራራው ሆድ የሚጠራቀመው ውሃ በእነዚህ እየተንጠባጠበ ይወርድ ነበር። ሕዝቡ ቀዳዳዎቹን የእናት ዓይኖች፣ ውሃውንም እንባዋ ይለው ነበር።

ኤልሞዳር ዘውድ በጫነ ጊዜ ግን በነጩ ኖራ ላይ የወረደውን ቡናማ የእንባ መስመር አይቶ ተቆጣ። እናት የምታለቅስበት ንጉሥ መባልን ጠላ። ዓይኖቹን አስደፈነ፤ በየዓመቱም በዘውዱ በዓል ዋዜማ በአሮጌው ልስን ላይ አዲስ ልስን እንዲደረብ ሥርዓት ሠራ። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ልስን ተደራረበ። ታላቁ አፍ ብቻ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ከሦስት ዓመት በፊት፣ ንጉሡ በግርጌዋ አዲስ የሰልፍ ጎዳና ባሠራ ጊዜ፣ ጎዳናውን ያጨቀያል ተብሎ ከውስጥ በድንጋይ ሽብልቅ ተዘጋ። የዘጋው ሊቀ ግንበኞች አዳርኤል ነው።

በዚያ ዋዜማ የአዳርኤል ልጅ ጸዳሊት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ግንበኛ፣ በመወጣጫው ላይ ቆማ ኖራ ስትቀባ የእንቁራሪቶቹን ድምፅ ሰማች። ብሩሿን አስቀምጣ ጆሮዋን ከግንቧ ላይ ለጠፈች። ድንጋዩ በጠራራ ፀሐይ ቀዝቅዞ አገኘችው፤ ከውስጡም የታፈነ ሰው የሚተነፍስ የሚመስል ነገር ሰማች። ከዚያ ወርዳ ከጎን ብትመለከት እመ ደብር ወገቧ ላይ ወደ ፊት ተነፍታለች።

ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር ሥራውን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ ጸዳሊት በመንገዱ ላይ ቆመች።

«ጃንሆይ፣ እናታችን ውሃ አርግዛለች፤ ሆዷን ይመልከቱት። ዓይኖቿ ይከፈቱ። አለዚያ ክረምት በገባ ቀን ታችኛው ሰፈር ከነነፍሱ ይቀበራል።»

ከመኳንንቱ አንዱ እንቁራሪቶቹ ምናልባት ለበዓሉ ሊዘምሩ መጥተው ይሆናል ሲል ቀለደ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቀም።

«ሠላሳ ዓመት ተደፍኖ የቆመ ግንብ በአንቺ ቃል አይወድቅም» አለ። «በእርሷ ላይ መሮ የሚያነሣ እጅ ይቆረጣል። ሰፈሩን ለቅቆ የሚሸሽም ግንቤን እንደ ሰደበ ይቈጠራል።»

ጸዳሊት በኖራ የነጣ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። «እንግዲያው እጄን ከአሁኑ ይወቁት ጃንሆይ፤ ይህ ነው። ተራራውን ባቆመው ስም እምላለሁ፤ የእናቴን ዓይን ሳልከፍት ከዚህች ከተማ ውሃ አልጠጣም።»

አባቷ አዳርኤል ከግንበኞቹ ፊት ቆሞ ነበር። የኖራ ባልዲውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤት ሲገቡ እርሱ መሮውን ይስል ጀመር። ጸዳሊት ዓይኖቹ የት የት እንዳሉ ከእርሱ በቀር በሕይወት ያለ ሰው እንደማያውቅ ነገረችው፤ ሠላሳ ልስን የለበሰን ግንብ በግምት መብሳት ደግሞ የተወጠረ ሆድን በጦር እንደ መውጋት መሆኑን ነገረችው። አዳርኤል ቀና አላለም።

«ስለ ዓይኖቹ ምንም ላልናገር በዙፋኑ ፊት ምያለሁ» አለ። «የመሠረቱን ድንጋይ ታውቂዋለሽ። የአያቴ ስም ተቀርጾበታል፣ የአባቴም፣ የእኔም። መሐላውን ያፈረሰ ግንበኛ ስሙ ይፋቃል።»

«የታችኛው ሰፈር ሰው ስም የት ተጽፏል አባቴ?»

መሮው ድንጋዩ ላይ ቆመ። ከዚያም መሳሉን ቀጠለ።

ስለዚህ ጸዳሊት የቤተ መቅደሱን የብራና መጻሕፍት ወደሚጠብቁት ሽማግሌ ወደ አባ ዝክሮን ሄደች። አባ ዝክሮን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ እግራቸው የደከመ ልባቸው ግን ያልደከመ ሰው ነበሩ። የመሥራቹን መጽሐፍ ገልጠው አነበቡላት። መሥራቹ ግንቧን በጀመረ ጊዜ በተራራው ሆድ ከሚኖረው የውሃ ጌታ፣ ከማይሶር ጋር፣ ቃል ኪዳን አስሮ ነበር። የቃል ኪዳኑም መያዣ አድርጎ የዓይኖቹን ርቀት በቋጠሮ የለካበትን ገመድ በማይሶር ዋሻ ትቶለት ሄደ። ገመዱን ያገኘ ዓይኖቹን ያገኛል። ዋሻው በተራራው ጀርባ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ የቀሩት ደግሞ ስድስት ቀናት ነበሩ።

አባ ዝክሮን መንገዱን ሊመሩ ከጸዳሊት ጋር ተነሡ፤ ጎምቦር የተባለ ድንጋይ ፈላጭም አብሯቸው ወጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሄደበት ሁሉ አንድ ስልቻ ጠጠር በጀርባው ይሸከማል። አባ ዝክሮን ለመንገድ ስንቅ እንጂ ድንጋይ የሚሸከም ሰው እንዳላዩ ቢነግሩት ጎምቦር ስልቻውን አስተካክሎ «አባ፣ እርስዎ መጽሐፍዎን ይሸከሙ፤ እኔም የማነበውን ልሸከም» አላቸው።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከተጓዥ ምድር ደረሱ። ይህ ዛፎቹ ሁሉ እንደ ሰካራም ያዘነበሉበት፣ አፈሩ በስውር ውሃ ርሶ ከእግር በታች የሚፈስ ተዳፋት ነው። በውስጡም ሸረብ የሚባሉ አውሬዎች ይኖራሉ፤ ሥጋቸው ጭቃ፣ ጥርሳቸው ሥር ነው። ተጓዦቹ ከመካከል ሲደርሱ ሸረቦቹ ከዚህም ከዚያም ብቅ ብለው የአባ ዝክሮንን እግር ያዙ፤ ሽማግሌውም እስከ ወገባቸው ሰጠሙ። ጸዳሊት በሁለት እጇ ስትጎትታቸው ጎምቦር ስልቻውን ፈትቶ ጠጠሩን በዙሪያቸው በተነው። ውሃው በጠጠሩ መካከል ሾልኮ ወረደ፤ ጭቃው ረጋ፤ ሸረቦቹም እንደ ደረቀ ሸክላ ተሰነጣጥቀው ፈረሱ። አባ ዝክሮን ካባቸውን እያራገፉ፣ ስለ ስልቻው የተናገሩትን ቃል ሁሉ መልሰው እንደ ወሰዱ አስታወቁ። ጎምቦር ግን ጠጠሩን አንድ በአንድ ካልለቀምሁ አልሄድም ብሎ ብዙ ጊዜ አስቆማቸው።

የዋሻው በር በሽበት በመሰለ ነጭ ሐረግ ተሸፍኖ ነበር። ገብተው ከበሩ በሚገባው ብርሃን ቁልቁል ወረዱ፤ ከግርጌውም ዳርቻው የማይታይ ሐይቅ አገኙ። ሐይቁ ተነሣ። ያ የተነሣው ማይሶር ነው፤ አካሉ እርጥብ ድንጋይ የሚመስል፣ ጺሙ አረንጓዴ፣ ከዋሻው ጣሪያ ጋር የተጣበቀ ዘንዶ። መኖሪያው ስለ ጠበበው አንገቱን አጥፎ ነበር።

«በሬን የዘጋችሁ እናንተ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አለ። ዋሻው በድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ እንኳ እነርሱን ተከትዬ ነው» አለ ጎምቦር በዝግታ።

ጸዳሊት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። «ምሕረት ልለምንህ አልመጣሁም፤ የማይገባኝን አልለምንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ላቀናው ነው የመጣሁት። የመሥራቹን ገመድ ስጠኝ።»

ማይሶር ራሱን ወደ እርሷ ዝቅ አደረገ። «መሥራቹም ሊለምነኝ አልነበረም የመጣው» አለ፤ «መንገድ እሰጥሃለሁ አለኝ፣ ሰጠኝም። እኔም ግንቡን አልነካሁም። የእናንተ ንጉሥ አመፅህ ይለኛል። አላመፅሁም፤ የምቆምበት ስላጣሁ እገፋለሁ። ጠላት ብሆን ኖሮ ጊዜ ትለምኑኝ ነበር። ውሃ ነኝና ጊዜ ልሰጣችሁ አልችልም። በተራራው ራስ ላይ ዛሬ መዝነብ ጀምሯል።»

ከጥርሱም መካከል ጠቁሮ የጠነከረ፣ ብዙ ቋጠሮ ያለበት ገመድ በእግሯ ሥር ጣለ። ከዚያም ሕጉን ነገራት፤ ዓይኖቹ ከላይኛው ረድፍ ተጀምሮ ረድፍ በረድፍ ወደ ታች ይከፈቱ፤ ከታች የጀመረ ግንቧን በአንድ ጊዜ ይሰብራታል። ሰባቱ ረድፍ ካለቀ በኋላ ታላቁ አፍ ይከፈት፤ ያለ እርሱ ግን ዓይኖቹ ብቻቸውን አይበቁም። የታላቁ አፍ ሽብልቅ የሚመታው ከውስጥ ነው።

«ሽብልቁን የሚመታ በመንገዴ ላይ ይቆማል» አለ ማይሶር። «ዘወር ልልለት አልችልም።»

ሲመለሱ በመንገድ ሁሉ ሦስቱ ስለዚህ ነገር ተከራከሩ። አባ ዝክሮን ዕድሜያቸውን ጠቅሰው ዕጣው የእርሳቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ጎምቦር በበኩሉ ሽብልቁን ለመምታት የእርሳቸው ክንድ ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ነገራቸው። ጸዳሊት ግን ራሷ ልትገባ በልቧ ቆርጣ ነበር።

ከተማዋ በደረሱ ጊዜ ቀትር ነው፤ ሰማዩ ግን ጠቁሮ ነጠብጣብ ይጥላል። እመ ደብር እያቃሰተች ነበር። ልስኗ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ቀይ ጭቃ ይወጣል። ንጉሡም ወታደሮቹን አሰልፎ ስንጥቁ በፍጥነት እንዲለሰን፣ ሆዷም በግንድ እየተደበደበ ወደ ኋላ እንዲመለስ አዝዞ ነበር።

ጸዳሊት በግንዱና በግንቧ መካከል ገብታ ቆመች። ገመዱን በአንገቷ አጥልቃለች፤ መሮዋን በእጇ ይዛለች።

«አንድ ጊዜ ብትመቷት ትወድቃለች» አለች። «እኔን ካልመታችሁ ደግሞ እርሷን አትመቱም።»

ንጉሡ እንዲይዟት አዘዘ። በዚያን ጊዜ ጎምቦር መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ አባ ዝክሮንም መጽሐፋቸውን በደረታቸው ይዘው ቆሙ። ከታችኛው ሰፈርም ሴቶቹ ዶማቸውን ይዘው ወጡ፤ እንዳትሸሹ የተባሉት ሁሉ አልሸሹም፤ ወደ ግንቧ መጡ። አንዲት ሸክላ ሠሪ እርጥብ ጭቃ በእጇ እንደ ያዘች ወደ ንጉሡ ቀና ብላ፣ ሠላሳ ዓመት ገንፎ የፈላበት ማሰሮ እንኳ እንፋሎት መውጫ እንደሚተውለት ነገረችው። ወታደሮቹም ብዙዎቹ የታችኛው ሰፈር ልጆች ነበሩና ግንዱን ዝቅ አደረጉት።

ከግንበኞቹ መካከል አዳርኤል ወጣ። በንጉሡ ፊት ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ አኖረው።

«ጃንሆይ፣ ዓይኖቹን የደፈንሁት እኔ ነኝ። አፉንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። የማውቀውን ላልናገር ምዬ ነበር። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ስሜን ያስፍቁት።»

ከዚያም ዘወር ብሎ የገመዱን አንድ ጫፍ ከልጁ አንገት ላይ ወሰደ። «ከቀኝ ማዕዘን ሁለት ክንድ ገብተሽ ጀምሪ» አላት። «የመጀመሪያው ቋጠሮ እዚያ ነው።»

መወጣጫው ላይ ወጥተው ገመዱን ዘረጉ። ጸዳሊት በመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ መሮዋን ተከለች፤ ሠላሳው ልስን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ተነሣ። ከዚያም እመ ደብር የመጀመሪያዋን ዓይን ከፈተች። ቀይ ውሃ ተፈናጥቆ የጸዳሊትን ፊት መታው። ታችኛው ሰፈር በአንድ ድምፅ ተነፈሰ። ግንበኞቹም ሳይታዘዙ መሮ መሮአቸውን አንሥተው በየቋጠሮው ተሰለፉ፤ በዚያን ቀን ሊቆረጥ የሚችለው እጅ በጣም ብዙ ነበር።

አንደኛው ረድፍ አለቀ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሰባተኛው ሲያልቅ ግን ዝናቡ በሙሉ ኃይሉ ወርዶ ነበር፤ በዓይኖቹ ከሚወጣው ይልቅ ከተራራው የሚገባው በዛ። የእመ ደብር ሆድ እንደ ገና አንድ ጣት ወደ ፊት መጣ። ጸዳሊት መዶሻዋን አንሥታ ወደ ውስጥ መግቢያው የት እንደሆነ አባቷን ጠየቀችው።

አዳርኤል መዶሻውን ከእጇ ወሰደ። እርሷም አልለቅም አለች፤ ሁለቱም ይዘውት ቆሙ።

«የቆለፍሁት ሽብልቅ ነው ልጄ» አለ። «እንዴት እንደ ገባ የማውቀው እኔ ነኝ። አንቺ ብትገቢ ስትፈልጊው ግንቧ ትወድቃለች።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግንቧን የምትጠብቅ ሰው ከውጭ ያስፈልጋታል» አላት።

ያን ጊዜ ለቀቀችው። እርሱም ከግንቧ ማዕዘን አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ገፍቶ በጠባቡ መተላለፊያ ገባ።

የናርዳማ ግንበኞች አንድ ምልክት አላቸው። ሁለት ሰዎች በግንብ ሁለት ወገን ሆነው ከባድ ድንጋይ ሲያስቀምጡ፣ ድንጋዩን የተቀበለው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ እጅህን አንሣ፣ ክብደቱ በእኔ ነው ማለቱ ነው። ጸዳሊት ጆሮዋን ከግርጌዋ ድንጋይ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። መጀመሪያ የመዶሻውን ምት ሰማች፤ ብዙ ነበር፤ አንዳንዴ ያርፍ ነበር። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

እርሷም መልሳ ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ እጇንም አነሣች።

ታላቁ አፍ ተከፈተ። ማይሶር ከዚያ ወጣ፤ አረንጓዴው ጺሙ፣ ድንጋይ የመሰለው ጀርባው፣ ማለቂያ የሌለው አካሉ፤ የንጉሡን የሰልፍ ጎዳና ነቅሎ፣ ቤቶቹን ሳይነካ፣ በጥንቱ መውረጃ ወደ ሸለቆው ሄደ። እመ ደብር ረጅም ድምፅ አሰማች፤ ወገቧም ተመልሶ በመሠረቷ ላይ ተቀመጠ። በታችኛው ሰፈር አንዲት ነፍስ አልጠፋችም። አዳርኤል ግን አልተገኘም። መዶሻው ብቻ በሦስተኛው ቀን ከሸለቆው አሸዋ ውስጥ ተገኘ።

ጸዳሊት ዝናቡ እያረፈባት ወደ ታላቁ አፍ ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ከሚወጣው ውሃ በእፍኟ ዘግና ጠጣች። ስለቷ ደረሰ። አፈር አፈር ይል ነበር። እስክትጠግብ ጠጣች።

ሕግ ሕግ ነውና ንጉሡ የአዳርኤልን ስም ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ አስፋቀ። እጇን ግን ሊያስቆርጥ አልደፈረም፤ የሚቆርጥ ሰው አላገኘምና። ጸዳሊትም ዓመቱን ሙሉ ሠራች። ከግንቧ ጀርባ የተሞላውን ዋልካ አስወጥታ በምትኩ ኮረትና ጠጠር አስሞላች፤ ጠጠሩን የመረጠው ጎምቦር ነው፣ አንዱን ከአንዱ እየለየ ሁሉንም አሰልችቷል። በተራራው ራስ ላይ ደግሞ ጎርፉ ግንቧ ሳይደርስ ወደ ጎን የሚወስደው ቦይ አስቆፈረች። አባ ዝክሮን የዓይኖቹን ልክ በአዲስ ብራና ጻፉ፤ በቤተ መቅደስ ብቻ እንዳይቀር አንዱን ቅጂ ለሸክላ ሠሪዋ ሰጡ።

የዘውዱ በዓል ዋዜማ እንደ ገና ደረሰ። የንጉሡ ሰዎች ኖራና ልስን ጭነው መጡ። ጸዳሊት ከታላቁ አፍ ፊት ቆማ ጠበቀቻቸው፤ የአባቷን መዶሻ ይዛለች።

«ኖራውን ቀቡ» አለቻቸው። «በዓይኖቿ ላይ ግን አንድ ጣት ልስን ያረፈ እንደሆነ በዚህ አነሣዋለሁ። ነገም ብትመልሱት ነገም አነሣዋለሁ። ለጃንሆይ እንዲህ ብላለች በሉ፤ እናታችን ታለቅሳለች፤ ስለምታለቅስም ትቆማለች።»

ንጉሡ በማግስቱ በበዓሉ ሰልፍ መጣ። በነጩ ኖራ ላይ ሰባት ረድፍ ቡናማ መስመር ወርዶ አየ። ቆሞ ተመለከተ፤ ሕዝቡም ንጉሡን ተመለከተ። አንድም ሰው ዓይኑን ዝቅ አላደረገም። እርሱም ልስን ሳያዝዝ አለፈ።

በመሠረቱ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ስም በተፋቀበት ቦታ፣ ዛሬም ድረስ ሌላ ስም አልተቀረጸም። የናርዳማ ግንበኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። እንቁራሪቶቹም ይጮኻሉ፤ አሁን ግን ከግንቧ ውጭ፣ በቦዩ ውስጥ ነው።